ጨረቃ የጨለመችበት ማታ

የባለቤቴ የሰይድ መርዶ የደረሰኝ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ውስጥ ከምሠራበት ቤት በር ላይ ነው። ጊዜው የሱዳኑ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት ነበር። ዓመታት ቢያልፉም ከልቤ አልወጣም፤ እስካሁን ያልተመለሰልኝ ጥያቄ አለና።

በማለዳ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት የወሎ ሴቶች ከከተማው ዳር፣ ከማዮ ሰፈር ድረስ መጥተው ቆመዋል። ሦስቱም እንደኔ የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው። በሥራ ቀን አንድ ላይ ሲመጡ አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ።

«ማን ነው?» አልኩ።

«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፣ እህቴ» አለች የባለቤቴ የአጎት ልጅ ሰዓዳ። «ሰይድ ነው። ከሞተ ቆይቷል።»

ቤተሰብ ደብቆኝ ነበር። «ባዕድ አገር ብቻዋን ሰምታ ማን ይይዛታል?» ብለው ነው። ስደውል «ለሥራ አፋር ወርዷል፣ ኔትወርክ የለም» ይሉኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ስልኩን እዘጋለሁ።

ለቅሶው እንዳለ ሆኖ ሌላ ጭንቀት መጣብኝ። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋን፣ ማለትም የሐዘን ጊዜዋን፣ ሳታጌጥ አራት ወር ከአሥር ቀን ትቀመጣለች። የሚቆጠረው በጨረቃ ወር ነው፤ ያውም ከሞተበት ቀን ጀምሮ እንጂ ከሰማችበት አይደለም። ቀኑን ካላወቅሁ ከየት ልጀምር?

አገር ቤት ደወልኩ። አማቴ «ቀኑን ማን ጻፈው ልጄ? ጨረቃዋ የጨለመችበት ማታ ነው» አሉኝ።

ያንን ማታ አውቀዋለሁ።

አሠሪዬ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ኡስታዝ እንላቸዋለን። ሰማይ ማየት የሚወዱ ጓደኞቻቸው በየወሩ ቴሌስኮፕ ይዘው ጣሪያው ላይ ይሰበሰባሉ። ሻይ የማወጣላቸው እኔ ነኝ። «ያላ ዘይነብ፣ ያላንቺ ሻይ ጨረቃዋም አትወጣም!» እያሉ ይቀልዱብኛል። ግርዶሹ የሆነ ማታ ግን ቀልድ አልነበረም። ቴሌስኮፑን ትተው ለግርዶሹ ሶላት ተሰለፉ፤ እኔም ከቤቱ ሴቶች ጋር ከኋላ ቆምኩ። ሶላቱ ሲያልቅ እጄን ዘርግቼ ለሰይድ ጤናና ዕድሜ ለመንኩ።

መርዶውን በሰማሁ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ተሰበሰቡ። ጉዳዬን ነገርኳቸው። ኡስታዝ ያዩትን ሁሉ የሚጽፉበት ደፍተር አላቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ።

«አራቱ ወር ዛሬ ሞላ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። የቀረሽ አሥሩ ቀን ነው» አሉኝ።

ያን ማታ እኔን አስቀምጠው ሻዩን ያፈሉት እሳቸው ናቸው።

በደበቁኝ ወራት ለጓደኛዬ ሠርግ እጄን ሂና ተቀብቼ ነበር፤ አላህ ባለማወቄ ይማረኝ። አሥሩን ቀን ግን ሽቶ ሳልነካ፣ ከግቢ ሳልወጣ ተቀመጥኩ። ለሰይድ ማድረግ የቻልኩት ይህንኑ ነው።

የጣሪያው ሰዎች በጦርነቱ ተበታትነዋል፤ ደፍተሩም የት እንደደረሰ አላውቅም።

ቤተሰቤን አልወቅስም። ነገር ግን ያን ማታ ሰይድ አጠገብ የነበራችሁ፣ ይህን ካነበባችሁ ልጠይቃችሁ። ጨረቃዋ ስትጨልም ገና ይተነፍስ ነበር ወይስ ሄዶ ነበር? ዱዓዬ በሕይወቱ ደርሶለት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። አሁን የሚይዘኝ ሰው አያስፈልገኝም። አትደብቁኝ።