በመንገዳችን መሐል ያለፈው መስመር

ይህን የምጽፈው አንድ በደል ተመዝግቦ እንዲቀር ነው። እኔና ጓደኛዬ አልማዝ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ እየኖርን፣ የእሷ ድምፅ ለፈለግናት ሴት ሲቆጠር እኔ ሳልመርጣት ቀረሁ። ነገሩ የቆየ ነው። ያስታወሰኝ ሰሞኑን በፖስታ የመጣ ወረቀት ነው፤ የምርጫ ወረዳዎች ድንበር እንደገና ሊሰመር ስለሆነ ሐሳብ ያለው ይምጣና ይናገር ይላል። ድንበር የሚል ቃል ሳይ እጠረጥራለሁ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ በሰው አገር ዜግነት ካገኘሁ ዓመት አልሞላኝም። ሚድ ሲቲ በሚባል ሰፈር፣ ከፒኮ ጎዳና ገባ ብሎ፣ ከታመመች እናቴ ጋር እኖር ነበር። አልማዝ ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊቴ ነበረች፤ ስትስቅ በመስኮት ይሰማኛል። እናቴን ለምንከባከብበት ሰዓት የሚከፍለኝ ስቴቱ፣ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት፣ ነው። ሰዓቱ ሊቀነስ ነው ሲባል፣ ሌላ ሥራ ብገባ እሷን ማን ያገላብጣታል ብዬ ተጨነቅሁ።

ለስቴቱ ምክር ቤት የምትወዳደር አንዲት ሴት ሰዓቱን አላስነካም ትላለች ተባለ። እሷም ፌርፋክስ ጎዳና ላይ እትዬ አስካለ ምግብ ቤት መጣች። የጃካራንዳው ሐምራዊ አበባ ረግፎ ጫማችን ሥር የሚጣበቅበት ወቅት ነበር። እትዬ አስካለ ዶሮ ወጥ አቀረቡ፤ እኔም ተነስቼ እንግዳዋን አጎረስኳት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ደገምኩላት።

እንደ ምንም ውጣ፣ "ቤትሽ የት ነው?" አለችኝ። መንገዱን ነገርኳት።

"በየትኛው በኩል?"

"በፀሐይ መግቢያው በኩል።"

ፈገግ አለችና ወደ አልማዝ ዞረች። የአልማዝን እጅ ይዛ ብዙ አወራቻት።

"ያጎረስኳት እኔ፣ የምታወራው ካንቺ ጋር" አልኳት በኋላ።

"ጉርሻሽ ነዋ! ሌላ እንዳታጎርሺያት ፈርታ ነው የሸሸችሽ።"

እትዬ አስካለ ግን፣ "ከእጃችን በልታለች፤ ከእንግዲህ የኛ ናት" አሉ። ሁላችንም አመንን። በእኛ ዘንድ ከእጅ የጎረሰ ሰው ቤተሰብ ነው፤ ወረዳህ የት ነው ተብሎ አይጠየቅም።

የኔ ምርጫ ጣቢያ የአንድ ጎረቤት የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ነበር። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ስሟ የለም።

"ስሟን አውጥታችሁታል" አልኩት ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠውን ሽማግሌ።

"ማንም አላወጣም፤ የምትወዳደረው በሌላ ወረዳ ነው። እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን ሰው ነው የሚመርጠው። መስመሩ በመንገዳችሁ መሐል ያልፋል።"

"ጓደኛዬ ጠዋት መረጠቻት።"

"ከመንገዱ ማዶ ናት?"

"አዎ።"

"በቃ፣ ለዚህ ነዋ።"

ለአልማዝ ስነግራት፣ "እናማ፣ ሁለቱም ጉርሻ ውኃ በላው በያ" አለች። እኔ አልሳቅኩም። ሴትዮዋ በየትኛው በኩል ያለችኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ኋላም አሸነፈች። ስለ እናቴ ሰዓት ቢሮዋ ስደውል፣ ወደ ራስሽ ተወካይ ደውዪ አሉኝ። የራሴን ተወካይ ፊቱን እንኳ አላውቀውም። ሰዓቱ ተቀነሰ፤ እኔም እናቴን ዘግቼባት ሰው ቤት ጽዳት ገባሁ።

መስመር ያለ ሰማሪ አይሰመርም። ማነው የሰመረው? ሐበሻ አንድ ላይ ሆኖ ድምፁ እንዳይሰማ ነው? የጠየቅኩት ሁሉ፣ ሕዝብ ሲቆጠር ወረዳዎቹ እኩል ሰው እንዲይዙ ነው ይለኛል። እኩል ለማድረግ እኔን ከአልማዝ መለየት ለምን አስፈለገ? ይህን ጥያቄ ይዤ አረጀሁ።

ባለፈው ሳምንት፣ ዛሬም ከመንገዱ ማዶ የምትኖረውን አልማዝን አስከትዬ ወደ ስብሰባው ሄድኩ። ልጆቼን ያሳደግኩት፣ ለራስህ የማትፈልገውን በሰው ላይ አታድርግ እያልኩ ነው፤ ስለዚህ የሄድኩት ውለታ ልለምን ሳይሆን ፍርድ ልጠይቅ ነበር። ተራዬ ሲደርስ፣ "መንገዳችንን ለሁለት ቆርጣችሁታል፤ አንድ አድርጉን" አልኩ።

የወረዳዎቹን ካርታ የያዘችው ሴት አላሾፈችብኝም። መንገዳችንን ፈልጋ አገኘችውና ጣቷን አሳረፈችበት።

"መስመሩን ከዚህ ማንሳት እንችላለን" አለች። "ግን ወረዳዎቹ እኩል መሆን ስላለባቸው የሌላ ሰው መንገድ መቆረጡ ነው። የማንን እንቁረጥ?"