ሂተር ላይ ያሰጣሁት የባትሪ ድንጋይ

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልብሱን ለሰው ሰጠሁ። የእጅ ባትሪውን ግን ማንም እንዲነካብኝ አልፈለግሁም።

የምንኖረው ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የምኖረው ማለቴ ነው። ከሥራ አምሽቼ ከአውቶቡስ ስወርድ በረንዳ ላይ ቆሞ ያበራልኝ ነበር። ባትሪው ለቤት ሳይሆን ለመርከብ የተሠራ ይመስላል። እሱ ለእግሬ ብሎ ሲያበራ ፌርማታው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑን በእጁ ይጋርዳል። እኔም የማላውቀው ሰው መስዬ አቀርቅሬ እሻገራለሁ።

ብርዱ ሲገባ ባትሪው አልበራ አለኝ። ሁለቱን ድንጋዮች አወጣሁ። የአንዱ ሽፋን ተቀዶ ባለቤቴ በቁስል ፕላስተር ጠግኖታል። ልጆች ሳለን የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር፤ ትንሽ ይነቃል። ለንደን ላይ ፀሐይ ከየት ይመጣል? ሂተሩ ላይ ፎጣ አንጥፌ አሰጣኋቸው።

ልጄ ከሃርልስደን ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ማሚ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«እየሞቁ ነው።»

«ሊቲየም እኮ ነው። ከሞቀ ይፈነዳል። ሽፋኑም ተቀዷል።»

በምድጃ ጓንት አነሳቻቸው። ከአገር ቤት አቅፌ ያመጣኋትን የሸክላ ድስቴን በረንዳ ላይ አውጥታ፣ ከደረቀ አበባዬ አፈር ሞልታ፣ ለየብቻ ቀበረቻቸው። በዚያ ዓመት ለሁለተኛ ጊዜ ቀብር ላይ ቆምኩ።

«ባትሪውም ይጣላል» አለች።

«እሱን ከጣልሽ እኔንም አብረሽ ጣይኝ።»

ከዚያ ስልኳን አውጥታ የሚስማማውን ድንጋይ ቼክ ማድረግ ጀመረች።

«ሁለቱም አዲስ፣ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። አሮጌና አዲስ አይቀላቀልም።»

«እኔንና አባትሽን ታዲያ ማን ከለከለን?»

ሳትፈልግ ሳቀች።

በሳምንቱ ከደህና ሱቅ ገዝታ፣ ከነቻርጀሩ አመጣችልኝ። ሕጉንም አብራ አመጣች፦ ተኝቼ ቻርጅ አላደርግም፣ ትቼው አልወጣም፣ ፕላስተር የሚባል ነገር ክልክል ነው። አሮጌዎቹን ሪሳይክል ወደሚደረግበት ልትወስድ ስታወጣቸው ፕላስተሩን ለማስቀረት እጄን ሰደድኩ። እጄን መታችኝ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ደግሞ መጣች። ከአውቶቡስ ስትወርድ በረንዳ ላይ ነበርኩ፤ አበራሁላት። ፌርማታው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑን ጋረደ። ስልኬ ጮኸ።

«ማሚ፣ ፕሊስ ዝቅ አድርጊው። ሰው እያየኝ ነው።»

«እንቅፋት እንዳይመታሽ ነው።»

የማታውቀኝ መስላ፣ አቀርቅራ መንገዱን ተሻገረች። እኔም እስከ በሩ ድረስ ተከትዬ አበራሁላት።