የማርጀሪ የቅቤ ክዳን

ጎረቤቴ ማርጀሪ በሞርካም ባሕር ዳርቻ ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ ቅርፊታም የባሕር እንስሳ በቅቤ በማሸግ ትታወቃለች። ባሏ ዊልፍ አጥምዶ ያመጣላታል፤ እሷ ቀቅላና ልጣ በትንንሽ ማሰሮ ትሞላና ከላይ ንጥር ቅቤ ታፈስበታለች። ቅቤው ሲረጋ አየር ስለማያስገባ ሽሪምፑ ሳይበላሽ ይሰነብታል።

ባለፈው ሳምንት ግን ጓዳው ገማ። ብትገባ የማሰሮዎቹ ቅቤ ሁሉ ተፍቋል።

"አንተ ዊልፍ፣ ይሄ ምን ጉድ ነው?"

"ሽሪምፕሽን መች ነካሁ? ለዳቦዬ ቅቤዋን ብቻ ነው ጫር ጫር ያደረግኋት።"

"ጣራውን ነቅለህ ቤቱን አልነካሁም ትላለህ?"

በማግስቱ ለምሳ አንድ ማሰሮ አቀረበችለት። ዊልፍ ቅቤውን በቢላ ቢቆፍር፣ ቢቆፍር፣ እስከ ታች ቅቤ ነው።

"ሽሪምፑስ?" አለ።

"አንተ ሽሪምፕ መች ትነካለህ?" አለችው፣ የራሷን እየበላች።