ዘንግ የተጋደመበት በር

እማማ እታገኘሁ የገጠር ቀያቸውን ኮሶዬን ትተው ጎንደር አዘዞ ካለው የልጃቸው ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ በር ሲንኳኳ ይደነግጣሉ። ዛሬ ያንኳኳችው ግን የሰው መተማመን ለኢኮኖሚው ምን እንደሚጠቅም የምታጠና የዩኒቨርሲቲ ልጅ ናት።

«ጎረቤትዎን ያምናሉ?»

እማማ ተቆጡ። «ምነው ልጄ፣ ይሄም ይጠየቃል? እኛ አገር ቁልፍ የት አለና! ቤቱ ሰው እንደሌለው እንዲታወቅ በሩ ላይ ዘንግ አጋድመን ነው የምንሄድ። ጎረቤት ያን አይቶ ይገባል፤ እሳቱን ያዳፍናል፤ ላሟን አልቦ ወተቱን ከድኖ ይወጣል። እንዴት አላምን!»

ልጅቷ አመስግና ሄደች። እማማ ያ ዘንግ ዓይናቸው ላይ እየዞረ ቆሙ። ኋላ የበሩን ሰንሰለት የያዘ እጃቸውን አዩት። ይህን ሁሉ ያወሩት በሩን ገርበብ አድርገው፣ ሰንሰለቱን ሳይፈቱ ነው። እንግዳ ደጅ አቁመው! ፈትተው «ግቢ እንጂ ልጄ!» ሲሉ ደረጃው ባዶ ነበር።