ፋሲካ ይለፍና

በእኛ ቤት ካንሰር በስሙ አይጠራም፤ «ያ በሽታ» ነው የሚባለው። ታላቅ እህቴ ውስጥ እግሯ ላይ የወጣባት ጥቁር ነገር ተቆርጦ ሲመረመር «ያ በሽታ» ሆኖ ተገኘ። ከእሷ በቀር ሁላችንም ሰማን። ለእሷ የተነገራት «ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ ነው። ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል አመነች።

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለው ሐኪሟ እኔንና አጎቴን አስቀምጦ አንድ ተስፋ ነገረን። ውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ከዕጢውና ከደሟ ናሙና ወስደው ያነጻጽራሉ፤ ጤናማው አካሏ ላይ የሌለ፣ ዕጢው ላይ ብቻ ያለ ምልክት ይፈልጋሉ፤ ካገኙ ለእሷ ብቻ የሚሆን ክትባት ይሠሩላታል። ወጪውን ጥናቱ ይችላል። ይሳካል ብሎ ግን አልማለልንም። «ራሷ አውቃ መስማማት አለባት። ጥናቱ የሚቀበላት ደግሞ ሳይሰራጭ ነው፤ ቶሎ በሉ» አለን።

ደረጃውን ወርደን ሳንጨርስ አጎቴ ወሰኑ።

«ጾም ላይ ናት። ፋሲካ ይለፍና ሽማግሌ ሰብስበን እንነግራታለን።»

«ጋሼ፣ ቶሎ በሉ እኮ ነው ያለው!»

«መርዶ እኮ ነው! ለሰው የገዛ ራሱ መርዶ ይነገራል?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ከአጎቴ አፍ አይጠፋም፤ ለጎረቤት ሲሆን ማለቴ ነው። እናቴ ደግሞ ጉልበቴን ይዛ «ልጄን በቁሟ አትግደያት» ብላ አለቀሰች። አፌን ዘጋሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ፋሲካ አለፈ። «ዳግም ትንሣኤም ይለፍ» ተባለ። እሱ ሲያልፍ የአክስታችን ልጅ ሰርግ ደረሰ፤ «ደስታዋን አናበላሽባት» ተባለ። እህቴ ሰርጉ ላይ እያነከሰች ጨፈረች። ዘመዶቼ ዐይናቸውን እየጠረጉ አጨበጨቡላት። ያን ቀን ሁሉንም ጠላኋቸው።

በማግስቱ ራሴ ነገርኳት። አልጮኸችም። «ሐኪሙ ጋ ውሰዱኝ» ብቻ አለች።

ሐኪሙ እንደገና አስመረመራት። ሳንባዋ ውስጥ ገብቷል፤ ጥናቱ ከእንግዲህ አይቀበላትም።

«ሰውነቴ እንዴት ዝም አለው?» ስትል ጠየቀችው።

«ሰውነትሽማ ጠባቂዎች አሉት» አላት፤ «ካንሰሩ ግን ይደበቃቸዋል። ምልክቱን መፈለጋችን ‘ጠላታችሁ ይኸው’ ብለን ልናሳያቸው ነበር።»

ስንመለስ መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። አጎቴ መሪውን እንደያዙ ማልቀስ ጀመሩ።

«ለአንቺው ብለን ነው እኮ፣ ልጄ።»

እህቴ ከኋላ ወንበር ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ከሰውነቴስ ራሱ ተደብቆ ነው» አለቻቸው። «ከእኔ ግን እናንተ ናችሁ የደበቃችሁለት።»