ለአንድ ክኒን የማልኩት

ባለፈው ሐሙስ ገና ሳይነጋ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ወደ በሩ አልሄድኩም። በባዶ እግሬ ወደ አባቴ ክፍል ሮጥኩ፤ ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ሲል ካየሁ በኋላ ነው "ማነው?" ያልኩት። ወተት አምጪዋ ነበረች። "አንቺ ሴትዮ፣ ሁሌ በዚህ ብርድ ታቆሚኛለሽ" ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነው፤ ምክንያቱን ግን ነግሬያት አላውቅም።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በነርስነት እንደተመረቅሁ አንዲት ሐኪም ለምርምሯ ቀጠረችኝ። ውጭ አገር ሄደው ጉበት የተተከለላቸው ሰዎች ከተመለሱ በኋላ እንዴት እንደሚኖሩ ታጠና ነበር፤ ጉበታቸውን ከፍለው የሰጡትን ዘመዶች ጭምር። ጉበት ደግ ነው፤ ከጤነኛ ሰው ተቆርጦ ቢሰጥ የቀረው መልሶ ያድጋል። ያም ሆኖ ሐኪሟ "ሰጪዎቹን ማን ይጠይቃቸዋል?" ትል ነበር። የኔ ሥራ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያሉትን እየዞርኩ ደም መቅዳትና ቅጽ መሙላት ነው። በቅጹ መጨረሻ ሦስት ሳጥኖች ነበሩ፦ በሕይወት አለ፣ አርፏል፣ አልተገኘም። በዚያ ዕድሜዬ የሰው ነገር በሦስት ሳጥን የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር።

ኦቦ ቶላ ከሰበታ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። የጉበቷን ክፋይ የሰጠቻቸው ልጃቸው ጫልቱ ዱከም ፋብሪካ ትሠራለች። ስልካቸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝግ ሆነብንና ሐኪሟ "ሂጂና እያቸው" አለችኝ። ደም የሚቀዳው የጠዋቱን ክኒን ከመዋጣቸው በፊት ስለሆነ ከሾፌሩ ከጋሽ አበራ ጋር ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። ጥር ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ የሽምብራው ማሳ ላይ ጭጋግ ተኝቷል። ጋሽ አበራ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ነበር።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ይዞት ይመጣል። ይህን የማያውቅ በአገሩ የለም፣ እኔም አውቃለሁ፤ ያን ጠዋት ግን ከክኒኑ ሰዓት በቀር የማስበው ነገር አልነበረኝም።

በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው አዴ ወርቄ ናቸው። "አካም ቡልተን?" ብዬ እንዴት አደሩ አልኳቸው። እኔን አልፈው ጋሽ አበራን አዩ።

"ማን ናችሁ?"

"ከሆስፒታል ነን እማማ። ስለ ኦቦ ቶላና ስለ ጫልቱ ነበር። ቁጭ ብለን ብናወራ ይሻላል።"

ቁጭ ብለን! አዴ ወርቄ ጭንቅላታቸውን ይዘው "ኢንተሊ ኮ ዱቴ? ልጄ ሞተች?" ብለው ጮኹ። ጎረቤት ከየበሩ ወጣ። አንዷ ሴት ምንም ሳትጠይቅ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ደረሰች። "ኧረ አልሞተችም! ልንጠይቃችሁ ነው የመጣነው!" እያልኩ ብለፈልፍ ማን ይመነኝ። መርዶ ነጋሪም መጀመሪያ "ትንሽ አሟት ነው" እያለ ነው የሚያለሳልሰው።

ኦቦ ቶላ ከጓዳ ወጡ። አላለቀሱም። መደቡ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ቀኝ ጎናቸው ላይ፣ ጠባሳው ላይ አሳረፉ። የሳቸው ስልክ ተሰብሮ ኖሮ በአዴ ወርቄ ስልክ ወደ ጫልቱ ተደወለ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደገምን፣ ሠለስን። ከዚያ ጭራሽ ዝግ ሆነ።

ደማቸውን ቀዳሁና ክኒኑን ከውሃ ጋር አቀረብኩላቸው። ሰውነታቸው ባዕድ ጉበት ነው ብሎ እንዳይገፋው የሚከላከለው እሱ ነው፤ በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ ሳይዛነፍ ይዋጣል።

"አልውጥም" አሉ።

"ኦቦ ቶላ፣ ሰዓቱ እኮ ደረሰ።"

"እሷ ከሌለች የሷን ሥጋ ይዤ የት ልኖር ነው?"

አንድ ጊዜ ቢዘገይ አይገድልም። ፊታቸው ላይ ያየሁት ግን መዘግየት ሳይሆን መተው ነበር። በኔ አመጣጥ የተነሳ አንድ ሰው ዓይኔ እያየ ሊሞት ነው አልኩ በልቤ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ጓሮ ወጣሁ፣ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ይዤ ጥቂት ቆየሁና ተመለስኩ።

"አገኘኋት። ደህና ናት፣ ሥራ ላይ ናት። በምሳ ሰዓት ትደውላለች።"

ዓይኔን አዩኝ። "ልጄ፣ አባት አለሽ?"

"አለኝ።"

"እስቲ አባቴ ይሙት በይ።"

ጋሽ አበራ አቀረቀሩ።

"አባቴ ይሙት" አልኩ።

ክኒኑን ዋጡ።

ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ ወደኔ ዞረ። ልጅቷ የእውነት ሞታ ብትሆንስ? ጎረቤቶች የሽምብራ እሸት አቀረቡልኝ፤ እየፈለፈልኩ ፍሬውን ጉልበቴ ላይ እደረድራለሁ። በየደቂቃው ሰዓቴን አያለሁ፣ አባቴን አስባለሁ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል የአዴ ወርቄ ስልክ ጮኸ።

"እማ! ምን ሆናችሁ ነው ይሄን ሁሉ የደወላችሁት?" የጫልቱ ድምፅ ነው። "ስልክ እኮ በር ላይ አስረክበን ነው የምንገባው። ጠዋት ያናገረኝ ሰው የለም፣ ማንን ልጠይቅ?"

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ኦቦ ቶላ ግን "ጠዋት ያናገረኝ ሰው የለም" ያለችውን ሰምተዋል። ስንሰናበት እስከ መኪናው ሸኙኝና እጄን ይዘው "ልጄ፣ ዛሬውኑ ሄደሽ አባትሽን እዪው" አሉኝ። ቁጣ የለበትም። ለኔ የፈሩልኝ ይመስላል።

ቅጹ ላይ "በሕይወት አለ" የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጌ አባቴ ወደሚኖርበት ወደ ቡራዩ በረርኩ። አባቴ አጥር ሲጠግን አገኘሁት። "ምነው በጊዜ?" አለኝ። ሚስማሩን እያቀበልኩት አለቀስኩ፤ ሥራው ከብዷት ነው ብሎ አጽናናኝ።

ዛሬ ሰማንያውን አልፏል። አንድ ጠዋት ያ ብርድ ልብስ ከፍ ዝቅ አይልም፤ ለቀስተኛውም "ዕድሜ ጠግቦ ነው" ይለኛል። እኔ ግን በማልኩት ነው የሄደው እላለሁ። ይጸጽትሻል ወይ ብትሉኝ፣ እዚያች መደብ ፊት መልሳችሁ ብታቆሙኝ ያንኑ እምላለሁ። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።