የጠያቂ ኪኒን

አክስቴ ፈጠነች የግራ ዓይኗን ያጣችው በደግ ሰዎች እጅ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እከስሰው ነበር። እንቁላል ይዞ መጥቶ፣ ጸልዮ፣ አልቅሶ፣ ኪኒን አጉርሶ የሚሄድን ደግ ሰው ግን የት ወስጄ ላቁመው?

ፈጠነች የእናቴ ታናሽ እህት ናት። እናቴ ስትሞትብኝ ከሁምቦ ተበላ ወደ ሶዶ አምጥታ ያሳደገችኝ፣ አሥረኛ ክፍል እስክጨርስም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሥራዋ ወፍጮ ቤት ነው። መጀመሪያ የተቀጠረችው ዱቄት ለመጥረግ ነበር። የወፍጮው ባለቤት ለማ፣ ሞተር የሚይዙለት ወንዶች እየጠጡ ሲያስቸግሩት አንድ ቀን ተናዶ “እስቲ አንቺ ያዢው” አላት። ያዘች፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነጠቃትም። የሞተሩ ቀበቶ፣ ችንጋው፣ ሲወልቅ ራሷ ታስገባለች፣ ድንጋዩ ሲደነዝዝ ራሷ ትወቅራለች። በቆሎ ያስፈጨች ሴት “ዱቄቱ ሻከረ” ብላ ካጉረመረመች ፈጠነች ከሞተሩ በላይ እየጮኸች፣

“ለባልሽ ነው ለጥጃሽ? ለባልሽ ከሆነ ደግሜ እፈጭልሻለሁ!” ትላታለች። ወረፋ የያዘው ሁሉ ይስቃል።

ታስነጥስ ነበር። ሳቋና ማስነጠሷ አንድ ላይ ነው የሚሰማው። በርበሬ በሚፈጭበት ሰሞንማ ዓይኗ ያሳክካታል፣ አፍንጫዋ ይደፈናል፣ ድምፅዋ ይለወጣል። “ሳይነስ ነው” ትላለች። ሶዶ ውስጥ ሁሉም ሰው ሳይነስ አለበት። አለርጂ የሚባለውን ቃል የሰማነው ኋላ ነው። የካፖርቷ ኪስ ውስጥ ግን ሁልጊዜ በወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ቢጫ ኪኒን አለች። ገበያው አጠገብ ካለው መድኃኒት ቤት ነው የምታስገዛት። “የፈጠነችን ስጠኝ” ብሎ የሄደ ሰው ሁሉ ይሰጠዋል፤ ሻጩ ከሳሙናና ከክብሪት እኩል ቆጥሮ ያቀብላል። ለምንድን ነው፣ ስንት ጊዜ ትወስዳለች፣ ሌላ የሚያማት ነገር አለ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ያን ሁሉ ዓመት!

ሚሊኒየሙ በገባበት መስከረም እኔ ቦዲቲ፣ ባሌ ዘንድ ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ወገቤ ጠና ሲልልኝ፣ ሕፃኗን ለፈጠነች ላሳያት ብዬ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ሶዶ መጣሁ። ከተማው ለዓመት በዓሉ ሽር ጉድ ይላል፣ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ወረፋው መንገድ ዘግቷል። ሞተሩን ግን የያዘው ሌላ ሰው ነው። ቤት ስደርስ ፈጠነች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤ አጠገቧ የምታስታውክበት ባልዲ አለ።

“ነይ እስቲ ልያት” አለችና ዞረች። የግራ ዓይኗ ደም መስሏል። ብሌኑ ጭጋግ ለብሷል። ሕፃኗን አስጠግቼ ስሰጣት በዚያ በኩል እጇ አየር ጨበጠ።

“ምች ነው” አሉኝ እትዬ አስናቀች፣ የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት መሪ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዳማከሴ በመዳፋቸው ያሻሉ። “ለበዓል ሥራ ፀሐይ ላይ ወጥታ እኮ ነው። ራሷን ፈለጣት፣ አስመለሳት። እያለፈላት ነው።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ሳምንት ሊሞላው ነው” አለች ፈጠነች።

በርጩማው ላይ ቢጫዋ ኪኒን አለች፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነጭ ኪኒን አለ፣ ግማሹ የተጠጣ የልጅ ሽሮፕም አለ።

“ይሄን ሁሉ ማን ሰጠሽ?”

“ቢጫው የኔው ነው። ነጩን አስናቀች አመጣችልኝ። ሽሮፑ ከጎረቤት፣ ከዳልጮ ልጅ የተረፈ ነው።”

“ሁሉንም ወሰድሽ?”

“ሰው ከቤቱ አንስቶ ያመጣልኝን አልፈልግም ልበል? ስውጥ ሳያዩ መች ይሄዳሉ!”

የኛ ሰፈር አጠያየቅ እንዲህ ነው። በሽተኛ ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ቦዬ፣ ያን የኛን ሥራ ሥር፣ የቀቀለ ቦዬ ያመጣል፣ የሌለው ደግሞ ከትናንት ሕመሙ የተረፈውን ኪኒን ያመጣል። የመጣው ነገር ተመልሶ አይሄድም። አክስቴ ሰው እንዳይቀየማት ስትውጥ ነው የከረመችው።

ሕፃኗን አዝዬ፣ በርጩማው ላይ ያለውን ሁሉ በሻሼ ቋጥሬ፣ ፈጠነችን ደግፌ ባጃጅ ውስጥ አስገባኋት። እትዬ አስናቀች ከኋላዬ “ለምች ሆስፒታል?” እያሉ ነበር።

የዓይን ሐኪሙ ወጣት ነው። በመሣሪያ ዓይኗን ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረ “የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?” አለ።

“የለም” አለች ፈጠነች። መዋሸቷ አይደለም። የጉንፋን ኪኒን መድኃኒት ነው ብላ አስባ አታውቅም። ሻሼን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት።

እያነሳ አያቸው። “ስማቸው ይለያይ እንጂ የሁሉም ሥራ አንድ ነው። ማስነጠስና ማሳከክ የሚያስታግሱ ናቸው። የዓይናቸው ማዕዘን ጠባብ ነው፤ ይሄ ደግሞ…” እያለ ለኔ ያስረዳኝ ጀመር።

“ለኔ ለምን ይነግሩኛል? ዓይኑ የእሷ ነው” አልኩት። ሕፃኗም ያኔ አለቀሰች። ሐኪሙ ፊቱ ቀላ፤ ወንበሩን ወደ ፈጠነች አዞረ።

“እናቴ፣ ዓይን ውስጥ ውሃ አለ። ውሃው የሚወጣበት ጥግ አለው። የእርስዎ ጥግ ሲፈጠርም ጠባብ ነው። ይህ ኪኒን ብሌንን ያሰፋል፤ ብሌኑ ሲሰፋ ጥጉ ተዘጋ፣ ውሃው ታጎረ፣ ግፊቱም የሚያየውን ነርቭ ጎዳው። ግላኮማ ይባላል፣ ከዓይነቶቹ አንዱ ነው። ራስዎን የፈለጠዎትም፣ ያስመለሰዎትም እሱ ነው።”

“ኪኒኑ መርዝ ነው?”

“አይደለም። ብዙ ሰው ወስዶት ምንም አይሆንም። ሌላው ዓይነት ግላኮማ ያለበትን ሰው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳውም። የሚያሰጋው እንደ እርስዎ ጥጉ ለጠበበበት ሰው ነው። ያን ደግሞ ካልተመረመሩ አያውቁትም።”

“ግራዬስ?”

“ግራው አልፏል፣ እናቴ። በመጣበት ቀን ቢሆን ኖሮ… ቀኙ ግን ያው አፈጣጠር ነው። ሳይታመም እናድነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቀዶ ሕክምና የሚሠሩት ሐኪም ሲመጡ ትንሽ ቀዳዳ ያበጁለታል፤ ውሃው ሌላ መውጫ ያገኛል። እስከዚያ ይህን ጠብታ ያድርጉ። ከእነዚህ ኪኒኖች አንድም እንዳይወስዱ። መብራት ዙሪያ ባለቀለም ቀለበት ካዩ ወይም ካመመዎት በማንኛውም ሰዓት ይምጡ።”

ይኸው ነው። የፈጠነች ቀኝ ዓይን አንድ ሳምንት መጠበቅ ነበረበት። የሚጠበቀው ከጠላት ቢሆን እንዴት በቀለለኝ!

በማግስቱ ወንድሟ፣ ጋሼ ቦልቴ፣ ከሁምቦ ተበላ መጡ። “ጤነኛውን ዓይን በቢላዋ? ያበደ ሐኪም ነው ወይስ ያበድሽ አንቺ ነሽ?” አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። ፈጠነችም ፈርታ ስለነበር ከእሳቸው ጋር ሆነች። “የቀረችኝን አላስነካም” ትላለች። የእሳቸው መምጣት ሲሰማ ጠያቂው በዛ። ጊፋታ ነው፣ ሁሉም ነጭ ለብሶ፣ የዳታ በርበሬና ሥጋ ይዞ ይመጣል። እሷ ደግሞ ሜዳው ሁሉ ያበበበት ሰሞን ስለሆነ ወፍጮ ቤት ሳትሄድም ታስነጥሳለች። አንድ ጊዜ ስታስነጥስ አምስት እጅ ኪስ ይገባል።

በሩ ላይ ቆምኩ። “እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ኪኒን ያለው እዚህ ይስጠኝ” እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይሰድበኛል። እትዬ አስናቀች እንቁላል የያዘ ሰፌዳቸውን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉት።

“አንቺ ልጅ፣ እኔን ትፈትሺኛለሽ?”

“አዎ፣ እፈትሻለሁ።”

“እኔ በክርስቶስ ፍቅር…”

“ፍቅሩን ይዘው ይግቡ። ኪኒኑን እዚህ ይተዉት።”

“ቦዲቲ ነው ይሄን የተማርሽው?” አሉ። ከኋላቸው የነበሩ ሴቶች ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ፤ “እኔ ነኝ እንግዲህ ያሳወርኳት?”

ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ላባብላቸው ይገባኝ ነበር ይሆናል። አላባበልኩም። “አልጠየቁም፣ እትዬ። ኪኒኑ ምን እንደሆነ ማንንም አልጠየቁም። ሻጩም አልጠየቀም፣ ዳልጮም አልጠየቀም። አንድ ሰው ቢጠይቅ ዛሬ በሁለት ዓይኗ ታየን ነበር” አልኳቸው። ነጩን ኪኒን ከመቀነታቸው ፈትተው መዳፌ ላይ አስቀመጡና ሳይገቡ ሄዱ።

ፈጠነች ከውስጥ ጮኸችብኝ። “ቤቴን ኬላ አደረግሽው! ስሞት ማን ይቀብረኛል?”

“መጀመሪያ እዪ፣ ቀብሩ ይደርሳል!”

ያን ቀን ማምሻውን ጠያቂው አልቆ፣ እኔና ጋሼ ቦልቴ ተኮራርፈን ተቀምጠናል። መብራት መጣ። ፈጠነች እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣

“አጥፉት እባካችሁ፤ ይሄም እንደ ወፍጮ ቤቱ አምፖል ቀለበት አወጣ” አለች።

“የምን ቀለበት?”

“ቀስተ ደመና የመሰለ ነዋ። የወፍጮ ቤቱ አምፖል ሁልጊዜ አለው። የዱቄት ነው።”

ቤቱን ዞር ብዬ አየሁ። ዱቄት የለም። ጠዋት ፀጉሯን በሳሙና ያጠብኳት እኔ ነኝ።

“ፈጠነች፣ ምን ዋጥሽ?”

የምታይበት ዓይኗ ወደ ወንድሟ ሄደ። ጋሼ ቦልቴ የኮታቸውን ኪስ ሳይታወቃቸው ነኩ።

“ስታስነጥስ አላስችል አለኝ” አሉ። “ደግሞ የኔው የከተማው አይደለም። ተበላ ነው የገዛሁት።”

“ተበላ!” አልኩ። “ቢላዋው ያስፈራዎት ሰውዬ፣ በሩን እኔ ስጠብቅ እርስዎ ከውስጥ አጎረሷት?”

“ተይ እንጂ፣ ታላቅሽ ነኝ…”

“ዝም በሉ ሁለታችሁም!” አለች ፈጠነች ተነስታ ተቀምጣ። ወደኔ ዞረች። “ያ ቀለበት ዱቄት አይደለም?”

“አይደለም። የዓይንሽ ግፊት ነው። ሐኪሙ ያለው እሱን ነው።”

“ወፍጮ ቤት የማየውስ?”

“እሱም ይሆናል። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታዪው?”

“ካቻምና።” ከዚያ አይቼባት የማላውቀው ቁጣ መጣ። “ከካቻምና ጀምሮ ዓይኔ እየጠራኝ እኔ አምፖል ስወለውል! በርጩማ ላይ እየወጣሁ! ለማ ‘ምን ሆነሻል፣ ንጹሕ ነው’ ሲለኝ እንኳ ዕውር ነህ ብዬ እሰድበዋለሁ!” ነጠላዋን ከአልጋው ራስጌ ሳበች። “ቦልቴ፣ ልትከለክለኝ ከሆነ እዚሁ ቅር። ልትረዳኝ ከሆነ ሕፃኗን ያዝ።”

ጋሼ ቦልቴ ሕፃኗን ያዙ። መንገዱን ሁሉ ታቅፈዋት ሄዱ፤ ሕፃኗ ኮታቸው ላይ ስታስታውክ እንኳ አልጠረጉትም።

ተረኛዋ ነርስ ወዲያው ሐኪሙን አስጠራች። ግፊቱን የሚያወርድ መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጧት፣ ጠብታ ደጋገሙላት። ነገሩ ገና ጅማሬ ላይ ነበርና ዓይኑ ሳይደማ ተመለሰ። ከዚያ ወደ ቤት አልወሰድኳትም፤ ቀዶ ሐኪሙ እስኪመጣ እዚያው ተኛች። በሥራው ዕለት ማንም ሳይመራት፣ ግድግዳውን እየዳበሰች በራሷ እግር ገባች።

ማሸጊያው ሲፈታ ሐኪሙ ጣቶቹን አሳያት።

“ስንት ነው?”

“ሦስት። ጥፍርህም አድጓል።”

ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች። ሐኪሙም ሳቀና ቀጠለ፤ “የቀኙ ጥግ ከእንግዲህ እንደዚያ አይዘጋም። ቢሆንም እየመጡ ይለኩ። ማንኛውንም ኪኒን ከመዋጥዎ በፊት ደግሞ ይጠይቁ፣ የጉንፋንም ቢሆን።”

“ማስነጠሴንስ ምን ላድርገው?”

“የማይጎዳዎት እናዝዛለን። ዋናው ግን ከአቧራው መራቅ ነው።”

“አቧራው እንጀራዬ ነው” አለች።

“እንግዲያው አቧራው የሚወጣበት ቤት ይሥሩ።”

ዳነች ሲባል ሰፈሩ ሁሉ አመሰገነ። እኔም አመሰግናለሁ። ግን እናደዳለሁ። ዓይኗን ለማዳን ሐኪም ነበረ፣ መድኃኒት ነበረ፣ መንገዱም ሩቅ አልነበረም፤ የጠፋው የሚጠይቅ ሰው ነው። ልጄን ይዤ ጤና ጣቢያ በሄድኩ ቁጥር “ይሄ ምንድን ነው? ለምንድን ነው? ከምን ጋር አይሰጥም?” እላለሁ። ጨቅጫቃ ይሉኛል። ይበሉኝ።

ሐኪሙ በፈቀደላት ጊዜ ፈጠነች ወፍጮ ቤት ሄደች፤ እኔም አብሬአት ሄድኩ። ለማ እጁን ዘርግቶ ተቀበላት።

“እንኳን ማረሽ! ይኸው ድንጋዩ አንቺን ነው የሚጠብቀው።”

ፈጠነች አልገባችም። ደጁ ላይ ቆማ በጣቷ የጎኑን ግድግዳ አሳየችው። “ይሄ ድሮ መስኮት ነበር።”

“ሌባ አስቸገረኝና ደፈንኩት።”

“ክፈተው። ብረት አድርግበት።”

“ፈጠነች፣ ሥራ በዝቷል እኮ፤ ከዓመት በዓሉ የተረፈ ወረፋ አለ። የአፍ መሸፈኛ እገዛልሻለሁ። ደግሞ ከባሰብሽ ያ ኪኒን…” ብሎ ቆመ። የግራ ዓይኗን አየ።

ልናገረው አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

“ለማ፣ የቀረችኝ አንድ ናት።”

ለማ ራሱን አከከ። ከዚያ ግንበኛ አስጠራ። ብሎኬቱ በመዶሻ ሲፈርስ እኔ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ልጄን አጠባ ነበር። ወረፋ የያዙት ሴቶች ያጉረመርማሉ፣ ፈጠነች በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና ለግንበኛው “ወደዚህ አስፋው፣ አትሰስት!” ትላለች። ሞተሩ ሲነሳ ዱቄቱ እንደ ጭስ ተጎትቶ በአዲሱ ቀዳዳ ወደ ሜዳው ወጣ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። መስኮቱን ለመክፈት አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ ሙሉ አልፈጀም።